ጥምቀት ላይ የሚሞላው ቁጥር፦ ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ አራት ኪሎ፣ ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። ዕድሜያቸውን ኮድ ሲጽፉ የኖሩት ጋሼ ስለ 2,147,483,647 የጠየቅናቸውን ሊመልሱ ቃል ገብተዋል። ጠያቂዎቹን በሰፈራቸው ጠርቻቸዋለሁ።

ፒያሳ፦ ጋሼ፣ ቁጥሩ ከየት መጣ?

ጋሼ፦ 31 ሁለቶችን አባዛና 1 ቀንስ። አንዷን መቀነስ እንዳትረሱ! ካልቀነሳችሁ በእጃችሁ ያለው ተራ ጥንድ ቁጥር ነው።

ሜክሲኮ፦ ምን ይለየዋል?

ጋሼ፦ ይሄ ጥያቄ ነው? ቀጥሉ።

ስድስት ኪሎ፦ ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው መሆኑ ያለ ኮምፒውተር እንዴት ታወቀ?

ጋሼ፦ እሰይ! የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው ያረጋገጠው፣ በፈረንጅ 1772። እስከ ስኩዌር ሩቱ፣ ማለትም እስከ 46,340 ድረስ አካፋይ ከታጣ በቃ፣ ብቸኛ ነው። ግን እዚያ ድረስ ወደ 4,800 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። በእጅ ማን ይጨርሰዋል? ሰውዬው ዘዴ ነበረው። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ እሱ ራሱ ለ248 ሲካፈል ወይ 1 ወይ 63 ማትረፍ አለበት። በዚህ ወንፊት የሚያልፉት ከ100 በታች ናቸው። የመጀመሪያው 311 ነው። ሞክሩት፤ 6,905,092 ጊዜ ይደርስና 35 ይተርፋል። ሌሎቹም እንዲሁ እንቢ ይላሉ። አደራ፣ አንዷን ሳትቀንሱ እንዳትሞክሩ።

ካዛንቺስ፦ ለሎተሪ ይሆናል?

ጋሼ፦ አይሆንም።

ለገሀር፦ ከኮምፒውተር ጋር ምን አገናኘው?

ጋሼ፦ ቢት ማለት 0 ወይም 1 የምትይዝ ቦታ ናት። በ32 ቢት አንዷ ቢት ለፖዘቲቭ ወይም ለኔጌቲቭ ምልክት ትያዛለች። በቀሪዎቹ 31 የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር እሱ ነው። ብዙ የቆዩ ማሽኖች ደግሞ ሰዓትን የሚቆጥሩት ከታኅሣሥ 23፣ 1962 ጀምሮ በሰከንድ ነው። ቆጠራው የሚሞላው መቼ መሰላችሁ? ጥር 11፣ 2030፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ጥምቀት! ሕዝቡ ጃንሜዳ ጸበል ሲጠብቅ!

ካዛንቺስ፦ በፈረንጅ ጃንዋሪ 19 ነው የሚሉት። ጥምቀት 20 አይደል እንዴ?

ስድስት ኪሎ፦ 20 የሚውለው ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ብቻ ነው።

ካዛንቺስ፦ አምና እኮ...

ጋሼ፦ አምናን ተዉት! የ2029 ጳጉሜን 5 ናት። 19 ነው፣ አለቀ።

ሜክሲኮ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ዘግይቼ ነው... ቁጥሩ ከየት መጣ አሉ?

ጋሼ፦ ዘግይተህ? ከፊቴ ተቀምጠህ አልነበር? ፒያሳን ጠይቀው። አንዷን እንዳትረሳ።

ለገሀር፦ ከሞላ በኋላስ?

ጋሼ፦ ወደ 64 ቢት ያልተሻገረ ማሽን በሚቀጥለው ሰከንድ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ይሆንበታል። ቀኑ ወደ ታኅሣሥ 4፣ 1894 ይመለሳል፣ ሌሊት 5 ሰዓት ከ45። እኛ ጃንሜዳ፣ ማሽኑ አጼ ምኒልክ ዘመን።