ርካሽ ዲስቶርሽን ፔዳል (የኤሌክትሪክ ጊታርን ድምፅ የሚያሻክር፣ በእግር የሚረገጥ ሳጥን) ለመግዛት፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ባለካውያው፦ ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን «የትኛውን ፔዳል ልግዛ» የሚል መልእክት በውስጥ መስመር ስለበዛብኝ እዚሁ በግልጽ ጠይቁኝ፣ ሁሉም ያንብበው። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ጊታራችሁ ምንድን ነው፣ የምትሰኩት አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ውስጥ ነው ወይስ ሚክሰር ውስጥ፣ ምን ዓይነት ሙዚቃ ትጫወታላችሁ። ዋጋ የማወራው በዶላር ነው፤ የብሩ ዋጋ ከሱቅ ሱቅ፣ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ርካሽ የምለው እስከ 70 ዶላር ያለውን ነው።

ናቲ_6ክር፦ ጋሼ ምርጥ ዲስቶርሽን የትኛው ነው?

ባለካውያው፦ ሦስቱን ነገር ጽፈህ ተመለስ።

የሐዋሳ_ልጅ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? እኔ ቸርች ውስጥ ነው የምጫወተው። አምፕ የለንም፣ ጊታሩ በቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ይገባል። ቦስ ዲኤስ-1 ተውሼ ሞከርኩ። ክሊኑ (ያለ ዲስቶርሽን ያለው ድምፅ) ደህና ነው፣ ፔዳሉን ስረግጠው ግን የንብ መንጋ ነው የሚመስለው። ፎርጅድ ይሆን?

ባለካውያው፦ ፔዳሉ ምንም አልሆነም። እኛ አገር ለፔዳል የሚወጣ ብዙ ገንዘብ ሜዳ ላይ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ዲስቶርሽን የጊታሩን ሞገድ ጫፍ ይቆርጣል። ጫፉ ሲቆረጥ ከተመታው ኖታ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይፈጠራሉ። የጊታር አምፕ ስፒከር፣ ያ ባለ 12 ኢንቹ፣ ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን አያወጣም። ሻካራው እዚያው ይቀርና ለጆሮ የሚደርሰው ወፍራሙ ነው። የአዳራሽ ስፒከር ግን ትዊተር (የቀጭን ድምፅ ስፒከር) አለው፤ ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ አንድም ሳያስቀር እንዲያወጣ ነው የተሠራው። ዲኤስ-1 እ.ኤ.አ. በ1978 ሲወጣ ለጊታር አምፕ ተብሎ ነው። ያለ አምፕ ስትጠቀምበት ግማሹን መሣሪያ ቤት ትተህ እንደመጣህ ቁጠረው።

«የሚክሰሩን ሃይ ሙሉ በሙሉ ዘጋሁት፣ ግን አልጠፋም» የሚሉኝም አሉ። በትንንሽ ሚክሰሮች ላይ ሃይ የሚባለው ቁልፍ የሚሠራው ከ10 እስከ 12 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው። ጆሮ የሚበላው ከ4 እስከ 8 ያለው ነው፤ እሱን ቁልፉ በቅጡ አይነካውም። ዲጂታል ሚክሰር ካላችሁ፣ ሳውንድ የሚሠራውን ልጅ በጊታሩ ቻናል ላይ ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን እንዲቆርጥ ጠይቀው። ያው የተዋስከው ዲኤስ-1 ሌላ ፔዳል ይሆንልሃል። ዲጂታል ካልሆነ ካቢኔት ሲሙሌሽን (የጊታር አምፕ ስፒከርን የሚያስመስል) ያለበት ነገር ግዛ፦ ቤሪንገር ጂዲአይ21 ወይም ጆዮ አሜሪካን ሳውንድ። ሁለቱም ዲስቶርሽኑን ከነስፒከሩ ባሕርይ ይሰጡሃል። ጂዲአይ21 በማይክ ኬብል በቀጥታ ወደ ሚክሰር የሚሄድ መውጫም አለው። መጀመሪያ የት እንደምትሰካ እወቅ፣ ፔዳል ከዚያ በኋላ ይመረጣል።

የሐዋሳ_ልጅ፦ እግዚአብሔር ይባርክዎት! ሚክሰሩ ዲጂታል ነው፣ እሑድ እንሞክረዋለን።

ሚኪ_ጎንደር፦ ጋሼ፣ ከአሜሪካ አክስቴ ያመጣችልኝን ፔዳል ከነአዳፕተሩ ስሰካው ጭስ ወጣ። ፔዳሉ ሞቷል?

ባለካውያው፦ አዳፕተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብበው። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 አቃጥሎታል። ፔዳሉ ተርፎ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ባለ 9 ቮልት ባትሪ አስገባበትና ሞክር። ጽሑፉ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፣ አምጥተህ ይታይ።

ስለ አዳፕተር ከተነሳ ሁላችሁም ስሙኝ። የቦስም ሆነ የአብዛኞቹ ፔዳሎች አዳፕተር 9 ቮልት ሆኖ ነጌቲቩ መሃል፣ ፖዘቲቩ ዙሪያ ላይ ነው። የራውተርና የካሜራ አዳፕተር ጃኩ ብዙ ጊዜ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ግን አብዛኛው 12 ቮልት ነው፣ ፖዘቲቩም መሃል ላይ ነው። «ገባልኝ እኮ» ማለት «ልክ ነው» ማለት አይደለም። እንዲህ ሆኖ የተቃጠለ ፔዳል ስከፍት መጀመሪያ የማየው ከኃይል መግቢያው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ዳዮድ ነው። ኃይሉ ተገልብጦ ሲገባ በራሷ በኩል አሳልፋ ሌላውን ክፍል የምታድን እሷ ናት። ጠቁራ ወይም ለሁለት ተሰንጥቃ ትገኛለች፤ ሽታዋ ክዳኑ እንደተከፈተ ይመጣል። እሷ ብቻ ከሆነች በጥቂት ብር ትቀየራለች። ቺፑ አብሮ ከሄደ ግን ለጥገናው የምታወጣው ሌላ ፔዳል ሊገዛ ነው። ከመሰካታችሁ በፊት አዳፕተሩ ላይ ያለውን የፖዘቲቭና የነጌቲቭ ሥዕል እዩ።

ሂሩት_ዱባይ፦ ጋሼ፣ እኔ ስኩየር ስትራት አለኝ፣ አምፕ የለኝም። የምኖረው ከጓደኞቼ ጋር ስለሆነ ማታ በሄድፎን ብቻ ነው የምለማመደው። ዙም ጂ1 ፎር (ብዙ ኢፌክት በአንድ ላይ ያለበትን) ልግዛ ወይስ ነጠላ ፔዳል?

ባለካውያው፦ ዙሙን ግዢ። ነጠላ ፔዳል ሄድፎን አይነዳም። ዙሙ ካቢኔት ሲሙሌሽንም ከበሮም አለው፣ በ4 ትንንሽ ባትሪም ይሠራል። የዱባይ ቮልቴጅም እንደ እኛው ስለሆነ አገር ቤት ስትመጪ የሶኬት ጥርስ መቀየሪያ ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ። ጥያቄ እንዲህ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ይሆናል።

ናቲ_6ክር፦ እሺ ጋሼ። ያማሃ ፓሲፊካ፣ ትንሽ የጊታር አምፕ፣ ሮክ። ጃኖ ባንድ ዓይነት ድምፅ ነው የምፈልገው።

ባለካውያው፦ አሁን ተግባባን። ያገለገለ ዲኤስ-1 ካገኘህ ውሰድ፤ ዲስት የሚለውን ቁልፍ ከግማሽ በታች፣ ቶን የሚለውን ደግሞ በሰዓት ገበታ 10 ቁጥር ባለበት አቅጣጫ (ከመሃሉ ትንሽ ወደ ግራ) አድርግ። የአምፑን ጌይን (የራሱን ዲስቶርሽን መጠን) ዝጋው። ሁለቱን አብረህ ከከፈትክ ጫጫታ እንጂ ኖታ አይሰማም። ጃኖን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን የመጀመሪያ አልበማቸውን ፕሮዲውስ ያደረገው ቢል ላስዌል ነው። የስቱዲዮ ሥራን ከአንድ ፔዳል አትጠብቅ።

የሲልቨር_ስፕሪንጉ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምመክረው ቻይና ሠራሽ ቅጂ አትግዙ ነው። በተለይ ያ የቤሪንገር ቲኦ800 የፕላስቲክ መጫወቻ ነው። ትንሽ ጨምራችሁ ኦሪጅናሉን ኦቨርድራይቭ (ለስለስ ያለ ዲስቶርሽን)፣ አይባኒዝ ቲኤስ9ን ግዙ።

ቴዲ_ሶሎ፦ «ትንሽ ጨምራችሁ» ማለት አሜሪካ ላለ ሰው ቀላል ነው ወንድሜ። የቲኤስ ልዩነቱ ከቲኦ800 ምንድን ነው? አሠራሩ ያው ነው።

የሲልቨር_ስፕሪንጉ፦ ጆሮ ያለው ይሰማዋል። ደግሞ ትክክለኛ ድምፅ የሚመጣው በድሮው የመስታወት ቱቦ ከሚሠራ አምፕ ነው። ትራንዚስተር ላይ ምንም ብታደርግ ሕይወት የለውም።

ቴዲ_ሶሎ፦ ሰላም ስዩም በሮሃ ባንድ ዘመን የተጫወተውን ስትሰማ ቱቦ ነው ትራንዚስተር ነው ብለህ ትጠይቃለህ? ድምፅ ከጣት ነው የሚመጣው።

የሲልቨር_ስፕሪንጉ፦ ጣት ብቻ ቢሆን ማንም መሣሪያ አይመርጥም ነበር።

ባለካውያው፦ የቱቦውን ክርክር ሌላ ቦታ ጨርሱት፣ እዚህ የመጣው ሰው 30 ዶላር ይዞ ነው። ቅጂውንና ኦሪጅናሉን ግን ሁለቱንም ከፍቼ አውቃቸዋለሁ። የቲኤስ ሥራው ጫፍ መቁረጥ ብቻ አይደለም፤ ከመቁረጡ በፊት የታችኛውን ድምፅ ያሳንሳል፣ ከቆረጠ በኋላ የላይኛውን። መሃሉ፣ 700 ኸርዝ አካባቢ ያለው፣ ወደፊት ይወጣል። ኪቦርድና ሳክስፎን በሞላበት ባንድ ውስጥ ሶሎ የሚሰማው በዚህ መሃል ምክንያት ነው። ቲኦ800 የሚከተለውም ይህንኑ ነው፤ በድምፅ በኩል ቴዲ ትክክል ነው። ችግሩ ያለው ሳጥኑ፣ ጃኩና መርገጫው ላይ ነው። መድረክ ላይ በጫማ የምትረግጥ ከሆነ ብረት ግዛ፤ ጆዮ ቪንቴጅ ኦቨርድራይቭ በብረት ሳጥን ይመጣል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ቤት ለመለማመድ ፕላስቲኩ ይበቃል።

አቤል_7፦ ጋሼ ምርጡ ርካሽ ዲስቶርሽን የቱ ነው?

ባለካውያው፦ አቤል፣ ከላይ ያለውን አንብብ። ሦስት ነገር።

ዳጊ፦ ለመዝሙር ዲሌይና ሪቨርብ ምን ይሻላል?

ባለካውያው፦ ዲሌይ ላይ የሚያውቅ ሌላ ሰው ይመልስልህ።

ክራር_በኤሌክትሪክ፦ ጋሼ፣ እኔ የምጫወተው ፒካፕ (የክሩን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር) የገጠምኩለት ክራር ነው። የታምቡሩ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት ፒካፕ ነው፣ ክሩ ናይለን። ከባንድ ጋር በጊታር አምፕ እወጣለሁ። ዲስቶርሽን ሳደርግበት ትዝታ ሜጀር ላይ ያምራል፣ አንቺ ሆዬ ላይ ይጨማለቃል። ለምን?

ባለካውያው፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያምጣልኝ! ቅኝቱን ስሜት ብቻ አድርገው የሚያዩት ብዙ ናቸው፤ ዲስቶርሽን ላይ ግን ቁጥሩ ራሱ ይሰማል።

ሁለት ኖታ አብረው ዲስቶርሽን ውስጥ ሲገቡ የሁለቱ ልዩነት የሆነ ሦስተኛ ድምፅ ይፈጠራል። 220 ኸርዝ የሆነውን ኤ እና 330 የሆነውን ኢ አብረህ ምታ፦ ልዩነታቸው 110 ነው፤ እሱም ራሱ ኤ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ። ስለዚህ ድምፁ ይወፍራል እንጂ አይበላሽም። አሁን ኤን ከቢ ፍላት ጋር ምታ፦ 220 እና 233። ልዩነቱ 13 ነው፤ ይህ ኖታ ሆኖ አይሰማም፣ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ነው። ትዝታ ሜጀር ውስጥ የግማሽ ድምፅ ርቀት የለም። አንቺ ሆዬና አምባሰል ግን ገና ከመነሻው ኖታ ቀጥሎ ግማሽ ድምፅ ነው ያላቸው። ክራር ላይ ደግሞ ያልተያዘ ክር ሁሉ ክፍት ሆኖ ይጮሃል፣ ስለዚህ ሁለቱ ጎረቤት ክሮች ሳታስበው አብረው ይገባሉ።

የማደርገው ይህንን ነው፦ አንቺ ሆዬ ላይ ክሮቹን አንድ ላይ መምታቱን ተው፣ በነጠላ ኖታ ሂድ፣ የማትፈልገውን ክር በግራ እጅህ አፍን። ጌይኑን ትንሽ አድርግ፤ ዲኤስ-1 ይበዛብሃል፣ የቲኤስ ዓይነት ኦቨርድራይቭ ይሻልሃል። ፈዝ (በጣም የሻከረ የዲስቶርሽን ዓይነት) አትግዛ፤ የድሮው ዓይነት ፈዝ መግቢያው ከፒካፑ ብዙ ስለሚስብ የሚለጠፍ ፒካፕን ድምፅ አፍኖ ያጠፋዋል። ናይለን ክር ስለሆነም የጊታር ማግኔት ፒካፕ አይሰማውም፣ በዚያ ገንዘብ አታጥፋ። አምፑ ፊት ለፊት አትቁም፤ የክራሩ ታምቡር ድምፁን መልሶ ስለሚቀበል ይጮህብሃል። ቅዳልኝና ላክልኝ፣ መስማት እፈልጋለሁ።

ክራር_በኤሌክትሪክ፦ ዛሬ ማታ እሞክራለሁ። ዋህ ፔዳልስ (በእግር ሲወዘወዝ «ዋ-ዋ» የሚያሰኘው)?

ባለካውያው፦ ከኦቨርድራይቩ በፊት አድርገው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኢትዮ ጃዝ ቅጂዎች ላይ ዋህ ትሰማለህ፤ መጀመሪያ ግን ያለ ዲስቶርሽን ለብቻው ተለማመደው።

ሳሚ፦ ጊታሬ አምፕ ላይ ሲሰካ «ሁምም» ይላል፣ ክሩን ስነካ ይቀንሳል። ፔዳል ልቀይር?

ባለካውያው፦ ፔዳል አትቀይር። መጀመሪያ የቤትህ ኤሌክትሪክ የመሬት መስመር (ኧርዝ) መኖሩን በኤሌክትሪሺያን አስፈትሽ። ከአምፑ ሶኬት ላይ ሦስተኛውን፣ የመሬቱን ጥርስ ቆርጦ የሚጠቀም ሰው አለ። ማይክ እየነካህ ጊታር ስትይዝ ሊገድልህ ይችላል፣ አታድርገው።

የሸዋ_ቤዝ፦ ያገለገለ ዲኤስ-1 አገኘሁ፣ ነገ ልገዛ ነው። ምን ልይ?

ባለካውያው፦ የራስህን ኬብልና አዲስ ባትሪ ይዘህ ሂድ። የባትሪውን ክፍል ክፈት፦ አረንጓዴ ዝገት ካለ የቆየ ባትሪ ፈሶበታል። ሦስቱንም ቁልፎች ቀስ እያልክ አዙር፤ ትንሽ ቢንኮሻኮሽ ይጸዳል፣ ድምፁ ጭራሽ ከጠፋ ቁልፉ ይቀየራል። መርገጫውን ደጋግመህ ርገጥ። ጃኮቹን ወደ ጎን ገፋ አድርግ፣ ድምፁ መቆራረጥ የለበትም። ጀርባው ላይ «ኤሲኤ» የሚል ከሆነ የድሮው ነው፣ ከዘመኑ ባለ 9 ቮልት አዳፕተር ጋር ድምፁ ይደክማል፤ በባትሪ ግን ደህና ይሠራል። ስትጨርስም ጃኩን ከመግቢያው ንቀል፣ አለዚያ ባትሪው ያልቃል። ሻጩ ይህንን ሁሉ አላስሞክርም ካለህ ሌላ ፈልግ።