ራሱን የሳተ ሰው «በራሱ» አደረገ ይባላልን?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር የምኖር የሕግ ተማሪ ነኝ። ስለ እንግሊዝ የወንጀል ሕግ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ስመልስ "ኢንሳኒቲ" የሚለውን መከላከያ (አእምሮው በመታወኩ በወንጀሉ ሊጠየቅ እንደማይገባ ተከሳሹ የሚያነሣውን) "እብደት"፣ "አውቶማቲዝም" የሚለውን ደግሞ "ራስ ሰር ድርጊት" አልሁት። ጓደኛዬ የመጀመሪያው ስድብ ስለሆነ "የአእምሮ ሕመም" በለው አለኝ፤ ሁለተኛውን ግን ወደደው። መምህር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

መልስ፦ ጓደኛዎ የጠላው ቃል እንደፈራው ክፉ አይደለም፤ የወደደው ግን ነገሩን ይገለብጠዋልና ከእርሱ እጀምራለሁ።

«ራስ ሰር» ሰው ሳይነካው ለሚሠራ መሣሪያ የተበጀ ቃል ነው፤ ለውኃ መሳቢያ ሞተር ይስማማል። ወደ ሰው ሲዞር ግን «ራስ» የቆየ ትርጉሙን ይዞ ይመጣል። «በራሱ አደረገው» ስንል ማንም ሳያዝዘው በገዛ ፈቃዱ አደረገው ማለታችን ሲሆን፣ እርስዎ የሚተረጉሙት ጽንሰ ሐሳብ የሚለው ደግሞ እጁ ተንቀሳቅሷል፣ የእጁ ባለቤት ግን አላዘዘውም ነው። ሁለት ሰዎች በደንገል ታንኳ ጣና ላይ ሲቀዝፉ አንዱን የሚጥል በሽታ ቢነሣበትና በመንፈራገጡ መካከል የያዘው መቅዘፊያ ጓደኛውን መትቶ ሐይቁ ውስጥ ቢጨምረው፣ «በራሱ መታው» የሚል ሰው ከዚህ ዳርቻ አይገኝም። የሚባለው «ራሱን ስቶ» ወይም «ሳይታወቀው» ነው። «ባለማወቅ» ቢሉትም አይሆንም፤ ያ ነቅቶ ለተሳሳተ፣ ለምሳሌ የሌላውን ዣንጥላ የራሱ መስሎት ለወሰደ ሰው የሚነገር ነው። «ግብታዊ» ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ግብታዊ ሰው ይቸኩላል እንጂ ፈቃዱ ከእርሱ ጋር ነው።

ተኝቶ ሳለ ተነሥቶ ስለሚሄድ ሰው «በእንቅልፍ ልቡ» እንላለን። እኔ ይህን ሐረግ ከማናቸውም የትርጉም ቃል አስበልጠዋለሁ። «ልብ በል»፣ «ልብ አላልሁም» የሚሉት አነጋገሮች እንደሚያሳዩት በአማርኛ ልብ የማስተዋል መቀመጫ ነው፤ ስለዚህ ሐረጉ ሰውየው ያን ጊዜ የሄደበት ልብ የእንቅልፉ እንጂ የነቃው ሰው ልብ እንዳልሆነ በሁለት ቃል ይናገራል። ነገር ግን የሚጥል በሽታንና ሌላውን ሁሉ ስለማይሸፍን ለጠቅላላው መጠሪያ «ከፈቃድ ውጭ የሆነ ድርጊት» ቢሉ ይቀናል።

ወደ «እብደት» ልምጣ። በግእዝ «አብድ» ማለት ማስተዋል የጎደለው፣ ሞኝ ማለት ነው። መዝሙረ ዳዊት «ይብል አብድ በልቡ አልቦ እግዚአብሔር» ያለውን አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ሰነፍ» ብሎ መለሰው፤ የሚያስገርመው ደግሞ ይህ «ሰነፍ» ራሱ ዛሬ ሥራ ለሚጠላ ሰው መዋሉ ነው። ቃሉ እንግዲህ ሲወለድ ስድብ አልነበረም፤ ለሕግ የማይመቸው ልኩ ስለሰፋ ነው። ገንዘቡን የበተነውንም፣ በፍቅር የተያዘውንም «አበደ» እንላለን፤ ገበያውም ያብዳል። የመንደሩ አማርኛ በዚህ በኩል ይጠነቀቃል፤ አልፎ አልፎ የሚነሣበትን ሰው «ወፈፌ» ብሎ ከእብድ ይለየዋል። ይህ ልዩነት ከችሎትም የራቀ አይደለም፤ ዳኛው የሚጠይቀው ሰውየው በሌላው ቀን እንዴት እንደሚውል ሳይሆን ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ እንዴት እንደነበረ ነው።

«የአእምሮ ሕመም» ለሐኪም ተገቢ ስም ነው፤ ለመከላከያው ስም ሲሆን ግን ያሳስታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 48 ዕድሜን፣ ሕመምን፣ የእድገት መዘግየትንና የመሳሰሉትን እንደ ምክንያት ቢያነሣም፣ ምክንያቱ ብቻውን ተከሳሹን ነጻ አያወጣም። በዚያ ምክንያት የድርጊቱን ምንነት ወይም ውጤት መረዳት፣ ወይም እንደተረዳው ራሱን መግዛት ያልቻለ መሆን አለበት። «አእምሮ» የሚለው ቃል «አእመረ»፣ ማለት ዐወቀ፣ ከሚለው ግስ የወጣ ስለሆነ ከመጀመሪያው መመዘኛ ጋር ሲስማማ፣ ሁለተኛውን፣ ራስን መግዛትን፣ ብቻውን አይይዝም። አንቀጽ 51ም ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት እንዲቀበል ያዝዝና፣ ከዚያ ሊወሰድ ስለሚገባው የሕግ ድምዳሜ ባለሙያው የሚለው ግን ዳኛውን እንደማያስገድድ ይደነግጋል። ሐኪሙ የሚሰጠው ስምና ዳኛው የሚሰጠው ስም የተለያዩ ናቸውና አንድ ቃል ለሁለቱም አይበቃም።

ሁለቱ ቃላት በመጡበት በእንግሊዝ ሕግ ነገሩ የበለጠ ይወሳሰባል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1843 ማክናተን ከተባለ ተከሳሽ ጉዳይ በኋላ የወጣው መመዘኛ «የአእምሮ በሽታ» የሚለውን በሕግ ትርጉሙ ስለሚያየው፣ ኢንሱሊን ወስዶ ሳይበላ ራሱን የሳተ የስኳር ሕመምተኛ በአውቶማቲዝም ሲከላከል፣ ኢንሱሊኑን ሳይወስድ ስኳሩ ከፍ ብሎበት ራሱን የሳተው ግን በኢንሳኒቲ በር ይገባል፤ የመጀመሪያው መንስኤ ከውጭ የመጣ፣ ሁለተኛው ከውስጥ የመነጨ ነው ተብሎ። ይህን ይዘው ስኳሩ ከፍ ያለበትን ባለባጃጅ «አብዶ ነበር» ብለው ቢጽፉ አንባቢዎ ይስቃል፤ «የአእምሮ ሕመምተኛ ነበር» ቢሉም ሐኪሙ ይቆጣል።

ስለዚህ ለ«ኢንሳኒቲ» በሕግ ሰዎቻችን ዘንድ የተለመደውን «ኢ-ኃላፊነት»፣ ማለት በወንጀል ተጠያቂ አለመሆንን፣ ይያዙ፤ የእንግሊዙን ለብቻው ሲያነሡ «በአእምሮ መታወክ ምክንያት ኢ-ኃላፊ መሆን» ብለው «መታወክ» በዚያ አገር ሕግ ምን እንደሚያካትት በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስረዱ። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ በረቂቅዎ «ኢ-ኃላፊ» በሚል ፈንታ «ኃላፊነት የጎደለው» ብለው እንዳይጽፉ፤ ያ ለቸልተኛ ሰው የሚሰጥ ወቀሳ ስለሆነ፣ ጠበቃው ሊያድነው የቆመውን ተከሳሽ በገዛ አፉ ያስወቅሰዋል።