ግጦሻችን ለባለሀብት ተሰጠ ተባልን፤ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ከጎንደር ወጣ ብሎ፣ በአዘዞ በኩል ነው። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ከብት ስናሰማራበት የኖርነው የወል ግጦሽ ለባለሀብት ስለተሰጠ ልቀቁ ተብለናል። ደብዳቤ ግን አላየንም። እኛ የአገሩ ነባሮች ነን፤ የነባር ሕዝብ የመሬት መብት የሚባል ሕግ የለም ወይ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የማይወዱትን አስቀድሜ ልንገርዎት። «ከአያት ከቅድመ አያት» የሚለው ክርክር ብቻውን ችሎት ፊት አያቆምዎትም። ርስት በየካቲት 1967 በአዋጅ ቁጥር 31 ቀርቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ነባር ሕዝቦችን የሚመለከተውን የዓለም አቀፍ ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 169 አገራችን አላጸደቀችም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አርብቶ አደር ከግጦሹ እንዳይፈናቀል ለይቶ ቢጠብቅም፣ እናንተ በሕጉ ዐይን አርሶ አደር ናችሁ።

ማሳችሁ የይዞታ ደብተር አለው፤ ግጦሹስ? የገጠር መሬት አዋጅ 456/1997 መንግሥት እንደ አስፈላጊነቱ የወል ይዞታን ወደ ግል ሊያዞር ይችላል ብሎ ነበር። በዚህ ቀዳዳ ያለቀው ሜዳ ብዙ ነው። ከብት ውሎ የሚገባበትን ሜዳ «ባዶ መሬት» የሚል ባለሙያ እኔም አጋጥሞኛል።

እንግዲህ ክርክራችሁ ያለው በአካሄዱ ላይ ነው። አዋጅ 1161/2011 መሬት የሚወሰደው ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰን፣ ባለይዞታዎቹን አማክሮ፣ በጽሑፍ አስታውቆና ካሳ አስቀድሞ ከፍሎ ነው ይላል። ካሳው ለወል መሬትም አለ፤ የሚሰላውም ከሜዳው ታገኙት በነበረው ጥቅም ነው። ትእዛዙ ከደረሳችሁ በኋላ ለአቤቱታ ሰሚው አካል የምታመለክቱበት 30 ቀን አላችሁ። በቃል «ልቀቁ» መባል ትእዛዝ አይደለም።

ነገ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሂዱና ሜዳው በወል ይዞታነት ተመዝግቦ እንደሆነ በማመልከቻ ጠይቁ፤ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም ይደረግበት። ስብሰባ ከተጠራችሁ ግቡ፣ ተናገሩ፤ ርእሱ ባልተጻፈበት የስም ወረቀት ላይ ግን አትፈርሙ። የተሰብሳቢ ፊርማ «ሕዝቡ ተስማምቷል» ሆኖ ከመዝገብ ሲወጣ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ያለ ውሳኔ አጥር ሊያጥር ወይም ሊያርስ የመጣ ካለ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 መሠረት ሁከት ይወገድልን ብላችሁ መክሰስ ትችላላችሁ፤ ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ግን ይታገዳል። ደብዳቤው ከመጣ ደግሞ የተቀበላችሁበትን ቀን እዚያው ጻፉበት፤ 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው።