ደቻቱ ላይ የተጣለ ማስክ ይበሰብሳል?

ጥያቄ፦ መጋላ እየኖርኩ ከዚራ በሚገኝ ወፍጮ ቤት ስለምሠራ የደቻቱን ወንዝ በየዕለቱ እሻገራለሁ። አሸዋው ላይ የተጣለ ማስክ የማላይበት ቀን የለም። ጎረቤቴ «ጨርቅ ስለሆነ ይበሰብሳል፤ የድሬ ፀሐይ ይጨርሰዋል» ይሉኛል። እኔ ለዱቄቱ ብናኝ የማደርገውን ማታ ግቢዬ ውስጥ አቃጥለዋለሁ። ማናችን ነን ትክክል?

አንባቢ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ጎረቤትዎን ያሳሳታቸው የማስኩ ልስላሴ ይመስለናል። አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚጣለው ማስክ ሲይዙት ጨርቅ ይምሰል እንጂ ጥጥ የለበትም፤ ንብርብሮቹ በአብዛኛው የሚሠሩት ፖሊፕሮፒሊን ከተባለው ፕላስቲክ ሲሆን፣ ደንበኞችዎ እህል ይዘው የሚመጡበት ማዳበሪያም የሚሸመነው ከዚሁ ነው። የመካከለኛው ንብርብር ክሮች ቀልጦ በሞቃት አየር ከተነፋ ፕላስቲክ የሚገኙ ናቸው፤ ውፍረታቸውም ብዙውን ጊዜ ከ10 ማይክሮ ሜትር ስለማይበልጥ ከሰው ጸጉር በብዙ እጥፍ ይቀጥናሉ። ብናኙን የሚይዙልዎ እነርሱ ናቸው፤ ማስኩ ሲጣል በቀላሉ የሚበጣጠሱትም እነርሱው ናቸው።

ፀሐይ ይጨርሰዋል የሚለው ግን ግማሽ እውነት አለው። አጥር ላይ የከረመ ማዳበሪያ ሲነኩት እየተፈረፈረ መርገፉን ሳያዩ አልቀሩም። አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር የፕላስቲኩን ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች እየበጠሰ ያደርቀዋል፤ ከማዳበሪያ የሳሳው ማስክም ከዚህ አያመልጥም። ሆኖም የሚጠፋው ቅርጹ እንጂ ፕላስቲኩ አይደለም፤ ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰው ስብርባሪ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። ደቻቱ ደግሞ (ሙያዎን እንዋስና) ለዚህ የተመቸ ወፍጮ ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ አሸዋው ሲግል ይከርምና፣ ደራሽ ጎርፍ ሲመጣ በፀሐይ የደረቀውን ፕላስቲክ ከጠጠር ጋር እያፋጨ ወደ ቆላው ይወስደዋል። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍን ያየ የድሬ ሰው ስለዚህ ውኃ ጉልበት ማስረጃ አይጠይቅም።

ነገሩ ከወንዙም ያልፋል። በ2014 ዓ.ም. የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በሰው ደም ውስጥ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ማግኘታቸውን አሳውቀዋል፤ ቅንጣቶቹ በጤና ላይ የሚያደርሱት ጉዳት መጠን አሁንም እየተጠና ነው።

በማቃጠሉ ግን ከእርስዎም ጋር አንስማማም። የግቢ እሳት ፕላስቲክን በሚገባ ስለማያነድደው ጥቀርሻና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያለበት ጭስ ይወጣል፤ ቀን ከዱቄት የጠበቁትን ሳንባ ማታ ለጭስ መስጠት ይሆንብዎታል። የጆሮ ማንጠልጠያው ወፍና ፍየል እንዳያጠልፍ ቆርጠው፣ ማስኩን አጥፈው በታሰረ ፌስታል ለደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ያስረክቡ። ለገበያና ለታክሲ ብቻ ከሆነ የሚታጠብ የጥጥ ማስክ ይበቃል፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ ግን ደቃቁ ዱቄት በጥጥ ስለሚያልፍ የሚጣለውን እንዲተዉ አንመክርም። የወፍጮ ቤቱ ባለቤትም በሩ አጠገብ ክዳን ያለው ቅርጫት እንዲያስቀምጡ ይጠይቋቸው፤ ክፍት ከሆነ ግን ነፋስ ማስኩን መልሶ ደቻቱ ያደርሰዋል።