«ሂሳቡን ያውቃል፤ ማንበብ ግን አልቻለም»

ጥያቄ፦ ልጄ 10 ዓመቱ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ይማራል። ጅማ መርካቶ ባለችው ሱቃችን ቆሞ የስኳሩንና የቡናውን ዋጋ በቃሉ ደምሮ መልስ ሳይሳሳት ይሰጣል፤ መጽሐፍ ሲቀርብለት ግን ላብ ያጠምቀዋል። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በቃሉ ይወርደዋል፣ አንዲት ፊደል ለብቻዋ ሲጠየቅ ይጠፋበታል። መምህሩ ሰነፍ ነው ይላሉ፤ አባቱ ይገርፈዋል፤ ጎረቤት ዓይነ ጥላ ነው ይለኛል። አሁን ደግሞ ክፍል ይድገም ተብሏል። ምን ላድርግ?
የልጅ እናት፣ ከጅማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ግርፋቱ ዛሬውኑ ይቁም። ከጻፉልን ውስጥ ስንፍናን የሚያመለክት አንድም ነገር አላገኘንም። ልጅዎን ሳናይ ለችግሩ ስም መስጠት አንችልም፤ ይሁን እንጂ የገለጹት ሁኔታ ባለሙያዎች ዲስሌክሲያ ከሚሉት የንባብ ችግር ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ይህ ችግር አእምሮ የንግግርን ድምፆች ነጣጥሎ ከፊደል ጋር በሚያዛምድበት መንገድ ላይ የሚከሰት እንጂ የማሰብ ችሎታ ማነስ አይደለም፤ በቤተሰብ ውስጥም ስለሚወረስ፣ ከእርስዎ ወይም ከአባቱ ወገን ፊደል አልገባ ብሎት ትምህርት ያቋረጠ ሰው እንዳለ ይጠይቁ። ጸበል ማስጠመቅም ሆነ ዱዓ ማስደረግ የእምነትዎ ጉዳይ ነው፤ ልጁን ፊደል ማስተማሩ ግን በዚያ ምክንያት አንድ ቀን እንኳ መቋረጥ የለበትም።

በአማርኛ ይህ ችግር ለረጅም ጊዜ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲረቡ 231 ይሆናሉ፤ ልጆች ገበታውን በዜማ ስለሚሸመድዱት ያነበቡ ይመስለናል። «ቤ»ን ለብቻዋ አሳይተው ሲጠይቁት «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ» ብሎ ቆጥሮ ከደረሰባት፣ የሚያውቀው ዜማውን እንጂ ፊደሏን አይደለም። በዚያ ላይ ጅማ የሚያድግ ልጅ የግዕዝ ፊደል፣ ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል (ቁቤ) እና የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይደራረቡበታል፤ በቁቤ «ጥ» ተብሎ የሚነበበው ምልክት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «ኤክስ» ይሆንበታል። ሁለት ቋንቋ መናገሩ ግን ችግሩን አላመጣበትምና አንዱን እንዲተው አያድርጉት።

እቤት በቀን 15 ደቂቃ ይበቃዋል። በመጀመሪያ ያለ መጽሐፍ፣ በጆሮው ብቻ ያለማምዱት፦ «ቡና» ከሚለው «ቡ» ቢወጣ ምን ይቀራል? ከዚያም «ቡ»፣ «ና»፣ «ሱ» እና «ቅ»ን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈው፣ ቅደም ተከተላቸውን እያዛቡ ያስለዩት፤ አራቱን ሲለይ «ቡና» እና «ሱቅ» ብሎ ያነባል፣ እነዚህም በየቀኑ የሚያያቸው ነገሮች ናቸው። አዲስ ፊደል የሚጨመረው የቀደሙት ሳይቆጠሩ ሲታወቁ ብቻ ነው። አንድን ገጽ ደጋግሞ ማስገልበጥ እጁን ያደክመዋል እንጂ አያስነብበውም፤ ብዙ ወላጆች ድካማቸውን የሚያባክኑት እዚህ ላይ በመሆኑ አጥብቀን እንናገራለን። የሳይንሱንና የኅብረተሰቡን ትምህርት ግን እርስዎ ወይም ታላላቆቹ ያንብቡለት፤ ማንበብ እስኪችል ድረስ ዕውቀት ሊቀርበት አይገባም።

ማየትና መስማት መቻሉንም በሐኪም ያረጋግጡ፤ መነጽር ዲስሌክሲያን ባያድንም፣ ዓይኑ ደክሞ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው።

መምህሩን ሲያነጋግሩ ለክርክር ሳይሆን ለመተባበር ይሂዱ። በክፍል ፊት ድንገት አስነሥተው እንዳያስነብቡት፣ ፈተናውን በቃል እንዲጠይቁት ወይም ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጡት ይለምኗቸው። ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2006 የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቷልና ጥያቄዎ እንግዳ አይደለም፤ ከትምህርት ቤቱ መፍትሔ ካጡ የከተማውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ። ክፍል ይድገም ላሉዎት ደግሞ፣ በሚቀጥለው ዓመት ንባብን ከዘንድሮው በምን በተለየ መንገድ እንደሚያስተምሩት ይጠይቋቸው፤ በያዝነው መንገድ እንቀጥላለን ካሉዎት፣ በእኛ አስተያየት አይስማሙ።