ፔቲሽን ፈርሜያለሁ፣ አሁን አምስት ሰው መደርደር ግዴታ ነው ወይ?

ጥያቄ (አሳጥሬዋለሁ)፦ ዲሲ ዋርድ 4 ነው የምኖረው። በ2024 ጆርጂያ አቬኑ ላይ አንድ ልጅ አስቁሞኝ ለኢኒሼቲቭ 83 (ሕዝብ ድምፅ ለሚሰጥበት የምርጫ ሕግ ሐሳብ) ፈረምኩ፣ ኖቬምበር ላይም የምርጫ ወረቀቱ በፖስታ ሲመጣልኝ ሞልቼ መለስኩ። አሁን በዚሁ ኢኒሼቲቭ መሠረት በጁን 2026 ፕራይመሪ (ፓርቲዎች እጩዎቻቸውን በሚመርጡበት ምርጫ) በሬንክድ ቾይስ፣ ማለትም ተወዳዳሪዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያላችሁ በመደርደር ነው የምትመርጡት እየተባለ ነው፣ አምስቱንም መደርደር ግዴታ ነው? ደግሞ ኢኒሼቲቩ ውስጥ ያለውን፣ ፓርቲ የሌላቸው ሰዎች ፕራይመሪ ላይ ይምረጡ የሚለውን የዲሲ ምክር ቤት ለምን ተወው፣ መክሰስ አይቻልም? በነገራችን ላይ የሲቲዝንሺፕ ፎርሜን ልልክ ነው፣ መምረጤ ይጠቅመኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቶሎ ልጨርሳቸው፣ ምክንያቱም እኔን ያስደነገጠችኝ «በነገራችን ላይ» ብለሽ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሻት ነገር ናት።

አምስት መደርደር ግዴታ አይደለም፣ እስከ አምስት ነው። አንድ ሰው ብቻ ብትመርጪም ይቆጠራል፣ ያንኑ ሰው አምስት ቦታ ላይ ብትደጋግሚው ግን ምንም አትጨምሪለትም። ምክር ቤቱን በተመለከተ፣ ኢኒሼቲቩ በ73 ፐርሰንት ገደማ ድምፅ ነው ያለፈው፣ ግን ዲሲ ውስጥ ኢኒሼቲቭ በራሱ በጀት መመደብ ስለማይችል ብሩን ምክር ቤቱ ካልሰጠ ሥራ ላይ አይውልም፤ በ2025 ለድርደራው ሰጡ፣ ለፕራይመሪው አልሰጡም፣ በቃ። ይሄ እኮ በ2018 ሕዝብ ያጸደቀውን ኢኒሼቲቭ 77ን (የቲፕ ሠራተኞችን ደመወዝ የሚመለከተውን) በዛው ዓመት የሻረ ምክር ቤት ነው። ለክስ ገንዘብ ከምታወጪ የዋርድሽን ተወካይ ብትወተውቺ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው። ሲቲዝንሺፕ ልታመለክቺ ከሆነ በ2024 ሲቲዝን አልነበርሽም ማለት ነው፣ ይሄን ደግሞ አልጻፍሽልኝም። ማን እንደመዘገበሽ፣ መቼና በምን ፎርም እንደሆነም አልጻፍሽም፣ የኔ ጥያቄ ግን እሱ ነው። ዲሲ ሲቲዝን ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ እንዲሳተፍ የሚፈቅድ ሕግ አላት፣ ከ2024 ጀምሮም ይሠራበታል፣ ከንቲባውንም ምክር ቤቱንም ኢኒሼቲቩንም ይጨምራል። ስለዚህ ያደረግሽው ሁሉ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት።

ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ እዚህ ጋ ነው። ፔቲሽን ላይ ፊርማሽ የሚቆጠረው የተመዘገብሽ መራጭ ከሆንሽ ብቻ ነው፣ ካልተመዘገብሽ ደግሞ አንዳንዴ ፊርማ የሚሰበስበው ልጅ ከክሊፕቦርዱ ስር ሁለተኛ ወረቀት ያወጣና «ይቺንም ሙዪልኝ» ይላል፣ ወይም ላይሰንስ ልታሳድሺ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ ቢሮ) ሄደሽ ስክሪኑ ላይ መራጭ ሆነሽ መመዝገብ ትፈልጊያለሽ ወይ ተብለሽ «የስ» ትያለሽ፣ እና የዩኤስ ሲቲዝን ነሽ ወይ የምትለዋን ሳጥን ሰው ሳያነብ ምልክት አድርጎባት ያልፋል። አንቺ የፈረምሽው አንድ ወረቀት ነው ወይስ ሁለት? እስቲ ቁጭ ብለሽ በደንብ አስቢ።

መለያው ቀላል ነው። ኖቬምበር ላይ በፖስታ የመጣልሽ ወረቀት ላይ የሃሪስና የትራምፕ ስም ነበረበት? ሲቲዝን ሳይሆን በሕጉ መሠረት የተመዘገበ ሰው የሚደርሰው የከተማው ብቻ ያለበት ወረቀት ነው። የፕሬዚዳንት ስም ካለበት መዝገቡ ላይ ሲቲዝን ነሽ ማለት ነው፣ እዛ ላይ ምልክት አድርገሽ ከላክሽው ደግሞ ጉዳዩ ከባድ ነው። ለመመዝገብ ወይም ለመምረጥ እያወቁ ሲቲዝን ነኝ ማለት በፌደራል ሕግ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል፣ ሕጉም ኢኒሼቲቭና ሪፈረንደምን በስም ጠቅሶ ነው የሚከለክለው፣ «የሰፈር ጉዳይ ነው» ማለት አያዋጣም። በኢሚግሬሽን በኩል እንዲያውም ይብሳል፣ ግሪን ካርድ አስነጥቆ እስከ ዲፖርት ያደርሳል፣ «አላወቅኩም» ማለትም ብዙ ጊዜ አያድንም። ሲቲዝንሺፕ ፎርሙ ደግሞ ሲቲዝን ነኝ ብለሽ ታውቂያለሽ ወይ፣ ተመዝግበሽ ወይም መርጠሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ በግልጽ ይጠይቅሻል። እና ይጠቅመኛል ወይ ላልሽው፣ አይጠቅምሽም፣ ሊያጠፋሽ ግን ይችላል።

ስለዚህ ፎርሙን አሁን አትላኪው። ለገናም ሆነ ለሰርግ አዲስ አበባ ልሂድ ብለሽ ቲኬት አትቁረጪ፣ ስትመለሺ ኤርፖርት ላይ ነው ጥያቄው የሚነሳው። ደንግጠሽም ምዝገባውን ራስሽ ለመሰረዝ አትሩጪ፣ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ጠበቃ ይይልሽ። ፎርሙ ላይ «ኖ» ብዬ ልለፈው እንዳትይ ደግሞ፣ መዝገቡ አለ፣ ውሸቱ ራሱ ሁለተኛ ጥፋት ይሆናል።

ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ አንባቢዎችም፣ የዲሲ ሕግ ድንበር አይሻገርም። ሜሪላንድ ውስጥ እንደ ታኮማ ፓርክ ያሉ ጥቂት ከተሞች ለራሳቸው ምርጫ ብቻ ይፈቅዳሉ፣ ቨርጂኒያ አይፈቀድም።

እህቴ፣ ከምርጫ ቦርዱ የመጣልሽን ካርድና ፖስታ ሁሉ አትጣዪ፣ የዲኤምቪ ወረቀትሽን ፈልጊ፣ የተመዘገብሽበትን ፎርም ኮፒ እንዴት እንደሚጠየቅ ጠበቃው ይነግርሻል። ጠበቃ ስል ደግሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማለቴ ነው፣ ታክስ ቤት ቁጭ ብሎ ፎርም የሚሞላውን ሰውዬ አይደለም። እኔም ወረቀቶቹን ሳላይ ከዚህ በላይ ማለት አልችልም።