የጣና ውሃ ሰማያዊ ነው ያለሽ ማነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ኖት? ባህር ዳር ሽምብጥ ነው የምኖረው፣ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው። የዛሬ ስድስት ወር ገደማ አንድ ስዕል ሳልስል አልተኛም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁና እውነትም አንድም ቀን አልዘለልኩም፣ አንድ ቀን የህፃን ፊት፣ አንድ ቀን አበባ፣ አንድ ቀን አንበሳ፣ ስልኬ ላይ ፎቶ እያየሁ በአክሪሊክ ቀለም። ግን የመጀመሪያውንና የትናንቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ልዩነት አጣሁባቸው። ጣናንማ ስሞክረው የተሰጣ ሰማያዊ አንሶላ ነው የሚመስለው፣ እህቴ ራሷ ሳቀችብኝ። ተሰጥኦ የለኝም ማለት ነው? ልተወው?

መልስ፦ አረ አትተዪው! ስድስት ወር ሳትዘልይ መቀመጥ የቻለ ሰው ከባዱን ጨርሷል፣ እኔ በዚህ እድሜዬ እንደዛ አድርጌ አላውቅም፣ ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ስንፍና አለ። ችግሩ የተሰጥኦ አይመስለኝም፣ በየቀኑ አዲስ እንግዳ መቀበልሽ ነው። ዛሬ አንበሳ ነገ አበባ ከሆነ የዛሬው ስህተትሽ ነገ ተመልሶ አይመጣም፣ ካልመጣ ደግሞ በምን ታርሚዋለሽ?

ሞኔ የሚባለው ፈረንሳዊ ሰዓሊ በ1890 እና 91 እ.ኤ.አ. ቤቱ አጠገብ ማሳ ላይ የቆመ የስንዴ ክምር ይዞ ከ20 በላይ ስዕል ሰርቷል፣ ጠዋት፣ ማታ፣ በረዶ ሲጥል። ክምር እኮ ነው! ፎገራ ብትሄጂ የሩዙ ክምር ሞልቷል፣ ማን ዞር ብሎ ያየዋል።

አንቺም እንደዛው አንድ ቦታ ያዢ። ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ሀይቁ ዳር ተቀመጪ፣ ስራ ከመግባትሽ በፊት ግማሽ ሰዓት፣ ከመዳፍሽ በማትበልጥ ካርቶን ላይ። የኛ ከተማ ከሀይቁ በስተደቡብ ስለሆነች ውሃውን ስታዪ ፊትሽ ወደ ሰሜን ነው፣ ስለዚህ ብርሃኑ ጠዋት ከቀኝሽ ማታ ከግራሽ ይመጣል ማለት ነው፣ ሰዓትሽን ካልቀያየርሽው ጥላው በየቀኑ ያው ቦታ አካባቢ ይጠብቅሻል። ጠዋት ያልኩሽ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ውሃውም ይታወካል፣ ካርቶንሽንም ይዞት ይሄዳል፣ የኔን ሁለቴ ወስዶታል።

የመጀመሪያው ሳምንት ቀለም የለም። ጥቁር፣ ነጭና መሀል ያለ ግራጫ፣ በቃ ሶስት። አይንሽን ጨፈን ጨፈን እያደረግሽ እዪ፣ ያኔ ቅጠሉ ምናምኑ ይጠፋና ጨለማውና ብርሃኑ ብቻ ይቀራል፣ እሱን አስቀምጪ። አሰልቺ ነው አልዋሽሽም፣ ግን ስዕልሽ አንሶላ የመሰለው ቀለሙ ስለከፋ ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር አንድ አይነት ስለሆነ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ከዛ ወደ ውሃው። ከቱቦው የወጣውን ሰማያዊ እንዳለ ነው የቀባሽው አይደል? እስኪ ነገ ሄደሽ እግርሽ ስር ያለውን ውሃ ቁልቁል እዪው፣ ሰማያዊ የሚባል ነገር የለውም፣ ቡናማ የቀላቀለ አረንጓዴ ነገር ነው፣ ምክንያቱም እዛ ጋ የምታዪው የውሃውን ውስጥ ነው። አይንሽን ራቅ ስታደርጊ ውሃው ሰማዩን ማንፀባረቅ ይጀምራልና እየፈዘዘ እየነጣ ይሄዳል። ክረምት ላይ ደግሞ የጉማራና የርብ ወንዞች አፈሩን ይዘው ሲገቡ ሻይ በወተት ይሆናል። እኔ የማዋህደው ጥቂት አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ፣ ኦከር የሚባለው አፈር መሳይ ቢጫ፣ ትንሽ ቡኒና ነጭ ነው፣ ከሰማያዊው ይልቅ ኦከሩ ይበዛል ብልሽ ታምኚኛለሽ? ካላመንሽ ወረቀት ላይ ቀዳዳ አውጪና በቀዳዳዋ ውሃውን እዪ፣ ከቀዳዳዋ ጎን ያዋሃድሽውን ቀለም ጠብ አድርጊበት፣ ልዩነቱ ራሱ ይነግርሻል። አክሪሊክ ሲደርቅ ትንሽ እንደሚጠቁር አትርሺ፣ እርጥቡ ልክ ከመጣልሽ ደረቁ ጠቆር ብሎ ነው የሚቀርሽ፣ ስለዚህ ነጣ አድርገሽ ጀምሪው።

ታንኳ መሳል ከፈለግሽ ቆይ። እኔ ድሮ ሶስት ወር ሙሉ ታንኳ እየሳልኩ በጣም የቻልኩ መስሎኝ ነበር፣ አንድ ቀን እውነተኛ ባለታንኳ ከጀርባዬ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ይሄማ ይገለበጣል» አለኝ። ለምን ስለው፣ ሰውየውን ጫፍ ላይ ነው ያስቀመጥከው፣ ደሞ ታንኳው ውሃው ላይ ቁጭ ያለ ሙዝ ነው የሚመስለው አለ። ልክ ነበር! ደንገል ውሃ ይጠጣል፣ ታንኳው ወደ ውሃው ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው፣ እኔ ግን አንዴ የለመድኩትን ቅርፅ በቃሌ እደግም ነበር እንጂ አላይም ነበር። በየቀኑ መስራት ይሄንንም ያመጣል፣ ስህተቱንም በደንብ ያለማምድሻል። ለዛ ነው በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘሽ ሂጂ የምልሽ፣ ይሄኛው ሳምንት ጥላ፣ የሚቀጥለው የሩቁ ውሃ፣ ከዛ የዳሩ ደንገል ነፀብራቅ። ጀርባው ላይ ቀንና ሰዓት ፃፊና ሳጥን ውስጥ ክተቺው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ አታውጪው፣ ፌስቡክም ላይ አትለጥፊው (ላይክ ስትቆጥሪ ውሃውን ማየት ትረሻለሽ)። ወሩ ሲያልቅ ሰላሳውንም ወለል ላይ ደርድሪና እህትሽን ጥሪያት።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የገዳማቱን የግድግዳ ስዕሎች ማየት እወዳለሁ፣ እነሱን እየገለበጥኩ ብለማመድ መኮረጅ ይሆንብኛል ወይስ ያስተምረኛል?

መልስ፦ መምህር፣ የድሮዎቹ የቤተክርስቲያን ሰዓሊዎችም እየገለበጡ ነው የተማሩት፣ ምንም አይፈሩ። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምህረት ከሄዱ የመቅደሱን ግድግዳ ቀረብ ብለው ይዩት፣ ስዕሉ ጨርቅ ላይ ተሰርቶ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው። ፃድቃኑ ፊታቸው ሙሉ ነው፣ ሁለት አይን አላቸው፣ ክፉዎቹ ግን በጎን ነው የሚሳሉት፣ አንድ አይን ብቻ። እኔ ብሆን ሙሉውን ስዕል አልገለብጥም፣ አንድ ሳምንት አይን ብቻ፣ አንድ ሳምንት እጅ ብቻ፣ ከዛ ቤትዎ ገብተው ሳያዩ በቃልዎ ይሞክሩት፣ ያልያዙት ነገር ያኔ ነው የሚታወቀው። እርሳስ ከማውጣትዎ በፊት ግን አባቶችን ያስፈቅዱ፣ ፎቶም ከተፈቀደልዎ ፍላሹን ያጥፉት።

ጥያቄ፦ ብሮ አክሪሊክ ተወዷል፣ ተማሪ ነኝ ብር የለኝም፣ በእርሳስ ብቻ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ቤታችሁ ቡና ይፈላል አይደል? ከላይ ለእህታችን ሶስት ብቻ ያልኳት እኮ ጀበናው ውስጥ አለልህ፣ አቦል ለጨለማው፣ ቶና ለመሀሉ፣ በረካ ለብርሃኑ። አቦሉ ወረቀት ላይ ከሳሳብህ ትንሿን በማንኪያ ይዘህ እሳት ላይ አወፍራት፣ ደርባት፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትጨምር። ለወረቀት ደግሞ ያለፈ የሰርግ ጥሪ ካርድ ጀርባው ወፍራምና ነጭ ነው፣ ጎረቤት ጠይቅ ማንም አይከለክልህም። ብሩሹን ግን ከስኒ እንጂ ከጀበናው እንዳትነክር፣ እኔ ነክሬ ሳምንት ሙሉ ቡና ተከልክያለሁ።